ጣት የሌለው እንግዳ ያሠራው ቀለበት

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያላችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ከደጃፉ አጠገብ የተቀመጠ ካለ ደግሞ መቀርቀሪያውን ይወርውር። ወረወራችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት፣ መዶሻ ከጌታው ጋር በሚከራከርበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ጉም ማደሪያ የምትባል መንደር ነበረች። ስሟ እንዲያው አልወጣላትም። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣና ቤቱን ይውጠዋል፣ ዛፉን ይውጠዋል፣ መንገዱን ይውጠዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ወደ ውጭ የወጣ ሰው የገዛ እግሩን ለማየት ጎንበስ ይል ነበር።

በዚያች መንደር ዝማም የምትባል ብር ሠሪ ነበረች። ሙያውን ከአባቷ ወርሳለች። ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቶባታል። የቀረቻት አንዲት ጡት ያልጣለች ልጅ ናት፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ቤቷ ውስጥ ከእናትና ከልጅ ሌላ ሦስት ተናጋሪዎች ነበሩ። አንዱ ወናፉ ነው፤ ሲናገር እየተነፈሰ፣ እያቃሰተ ነው። አንዱ መዶሻው ነው፤ እሱ ቃል አያበዛም። ሦስተኛዋ ድመቷ እመት ውሮ ናት፤ እሷ ብዙ ታውቃለች፣ ጥቂት ትናገራለች።

ዝማም የእጅ ጥበብ የታደለች ነበረች። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያዝዛት ያንኑ ነው። ያው አበባ፣ ያው መስቀል፣ ያው እንደ ፀጉር የቀጠነ የብር ክር። «አባትሽ እንደሚሠራው አድርገሽ ሥሪልኝ» ይሏታል። እሷም እንደ አባቷ ትሠራለች። ልቧ ግን ዓይን አይቶት የማያውቅ ነገር መሥራት ይመኝ ነበር። ይህን ምኞቷን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቀን፣ ጉሙ እንደ ግድግዳ በቆመበት ጧት፣ በሩ ተንኳኳ ልበላችሁ? አልተንኳኳም። ተቧጠጠ። ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ፤ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ፤ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ።

«ማነው?» አለች ዝማም።

«እንግዳ ነኝ» አለ የደጁ ድምፅ። ድምፁ እንደ ለጋ ቅቤ የለሰለሰ ነው።

«ይግቡ፣ እሳት አለ።»

«አልገባም። ደጅ ይሻለኛል። ሥራ ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

ዝማም በሩን ስንጥቅ አድርጋ ከፈተችው። ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከመድረኩ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል፤ አንድ ወፍራም የድሮ የብር አልቦ፣ አንድ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ።

«ከብሩ ቀለበት ሥሪልኝ» አለ ድምፁ። «አበባ አይኑርበት፣ መስቀል አይኑርበት፣ የብር ክር አይኑርበት። ልሙጥ ይሁን። እንደ ገደል ጠርዝ ባንድ ወገን ይስፋ፣ ባንድ ወገን ይጥበብ። ድንጋዩን መሃል ላይ አታድርጊው፤ ወደ ዳር አድርጊው። ብሩ ከላዩ እንደ ዓይን ቆብ ግማሹን ይሸፍነው።»

የዝማም ልብ ደነገጠ፤ የደነገጠው ግን በፍርሃት አልነበረም፤ በደስታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ትእዛዝ ይሄው መጣ።

«በማን ጣት ልለካው?» አለች።

«በማንም። እኔ ጣት የለኝም።»

ዝማም ሰውየው ጣቱን ደዌ የጨረሰበት ምስኪን መሰላት። «እግዜር ይማርዎ» አለችው።

ከደጁ እንግዳ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ወፍጮ ድምፅ ያለ ነገር ተሰማ፤ ይሳቅ ያልቅስ አልታወቀም። «ስትጨርሺው ለወደደው ሰው ስጪው» አለ። «በሰው እጅ ላይ ሆኖ ባየው ይበቃኛል። የተረፈው ብር ላንቺ ነው።»

ሄደ። ዝማም በሩን ዘግታ ወደ እሳቷ ተመለሰች።

«እፍፍፍ... ዝማም...» አለ ወናፉ። «ሲሄድ... የእግሩ ኮቴ... አልተሰማም...»

«ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፤ እንዴት ይሰማል?» አለች።

«አልቦው የማን እግር ላይ ነበር?» አለ መዶሻው።

«ምን አገባን?»

«አልቦ ያለ እግር አይመጣም።»

«አንተ ምታ ስትባል ምታ!» አለችው። ቀና ብላ ስታይ እመት ውሮ ከመደቡ ሥር ገብታ ፀጉሯ ሁሉ ቆሟል። «አንቺስ ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ውሮ። «ድመት ነኝ።»

ዝማም አልቦውን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ብሩ ሲቀልጥ ጮኸ። ቀጭን ጩኸት ነው፤ ከሩቅ አገር እንደሚሰማ የሴት ጩኸት። «ከሰሉ ረጥቦ ነው» አለችና ማናፋቷን ቀጠለች። ድንጋዩ ደግሞ ግራጫ ቆዳ ነበረበት። በእርጥብ አመድና በአሸዋ አሸችው። አንድ ቀን አሸችው፤ አልለቀቀም። ሁለተኛ ቀን አሸችው፤ አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ተገፈፈና ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ አበራ። መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር አለችበት። ወደ ብርሃን ሲያስጠጉት መስመሯ ትጠብባለች፤ ወደ ጨለማ ሲመልሱት ትሰፋለች።

ቀለበቱ አለቀ። እንዲህ ያለ ቀለበት በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ባዶ ነው፣ ጌጥ የለበትም፤ ደግሞ ከጌጥ ሁሉ ይበልጣል። ዝማም በመዳፏ ይዛ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ ያዩት ወይዘሮ አንጓች ናቸው። ባለብዙ በግ ናቸው፣ ጌጥ ይወዳሉ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሳትጨርሺው የተውሽው ይመስላል» አሉ። ወጥተው ሄዱ። ከደጅ ተመለሱ። እንደገና አዩት። «እስቲ ወዲህ በይው» አሉና ጣታቸው ላይ አጠለቁት፤ ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ በዚያ ጉም ውስጥ የበጎቹ በረት ተደፈረ። በአጥሩ ጀርባ፣ ከቆሻሻው ክምር ኋላ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቀው ቀዳዳ ነበር፤ ውሻ ሾልኮበት ከፍቶት ኖሮ «ነገ እደፍነዋለሁ» ብለው ቀለበቱን ባጠለቁበት እጃቸው ዳብሰውት ነበር። በዚያችው ቀዳዳ የገባ ነገር በጎቹን ፈጃቸው። ወይዘሮ አንጓች ቀለበቱን ይዘው መጡ። «ገዱ አላማረኝም» አሉ። ዝማም ተቀብላ ስታየው ብሩ ጠቁሯል። በሎሚና በአመድ ወለወለችው፤ ነጣ።

ሁለተኛ ጎሹ መጣ። ጎሹ በቅሎ ጫኝ ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ አይፈራም። የወይዘሮ አንጓችን ወሬ ሰምቶ ሳቀ። «ሰው ነብር አየኝ ይላል እንጂ ቀለበት አየኝ ይላል እንዴ?» አለ። ቀለበቱን ከትንሿ ጣቱ ላይ አድርጎ ሄደ። በቅሎውን የሚያሳድራት ሌባ እንኳ በማያውቀው የዓለት ጉያ ውስጥ ነበር። በዚያው እጁ ሣር አቀረበላት፣ በዚያው እጁ ደብቆ አሰራት። በማግስቱ ሲመጣ ገመዱ አለ፣ ልባቡ አለ፤ በቅሎዋ የለችም።

ቀለበቱን ወርውሮላት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ዞረና፣ ያ ደፋር ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝማም፣ ጣቴ ላይ ሳለ የሆነ ነገር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር» አላት።

ብሩ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጠቁሯል። ወለወለችው። እጇ እስኪቃጠል ወለወለችው። ነጣ።

«እፍፍፍ... ጣይው...» አለ ወናፉ።

«ወደ ገደል» አለ መዶሻው።

ዝማም ፈርታ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ነገር ግን ከዚያ ፍርሃት ይልቅ ቀለበቱን ማጣት አስፈራት። እጇ ከሠራው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። በጨርቅ ጠቀለለችና ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሦስተኛዋ ፈንታነሽ ናት። ፈንታነሽ መስቀል ሲያልፍ ልትዳር የታጨች ልጅ ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ከእናቷ ከእማማ የሻረግ ጋር ትኖራለች። «እትዬ ዝማም፣ ያን ቀለበት አሳዩኝ» አለች።

«ይቅርብሽ።»

«እባክዎ።»

«ይቅርብሽ አልኩሽ!»

«ለእነሱ ሰጥተው ለኔ ይነፍጉኛል? ከመንደሩ ሴት ሁሉ የተለየ ነገር አድርጌ ብዳር ምን አለበት? እንደርስዎ የሚሠራ የለም እኮ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ዝማምን አሸነፈቻት። ሣጥኑን ከፈተችው።

በማግስቱ ፈንታነሽ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ከገደሉ ሥር ወደ ምንጩ የምትወስድ አቋራጭ አለች፤ እሷና እናቷ ብቻ ያውቋታል። ወረደች፤ አልተመለሰችም። እናቷ ጠሩ፤ ጉሙ ዝም አለ። ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወረደ። የተሰበረ እንስራ አገኙ። የተቀደደ ነጠላ አገኙ። ከዓለት ላይ ደግሞ ቀለበቱን አገኙት፤ አልወደቀም፣ አልተወረወረም፤ ሰው ሆን ብሎ ያስቀመጠው ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ነብር ነው» አሉ ዱካውን አይተው። «ግን ይህችን መንገድ ማን አሳየው?»

ቀለበቱን ለዝማም አምጥተው ሰጧት። ብሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዝማም በሎሚ አሸችው፤ እምቢ አለ። በአመድ አሸችው፤ እምቢ አለ። በእሳት ይጠራ እንደሆነ ብላ ፍሙ ዳር አስጠጋችው። ብሩ ሲሞቅ ጊዜ ተናገረ።

«ዝማም» አለ። «ሦስት ጊዜ ጠቆርኩልሽ፤ ሦስት ጊዜ ወለወልሽኝ። ብር ከመጥቆር ሌላ ምን አፍ አለው? የማን እግር ላይ ነበርክ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ከገደሉ ማዶ ውሃ ስትቀዳ የነበረች ሴት እግር ላይ ነበርኩ። እሷን በላት፤ እኔን ተፋኝ። አሁን ደግሞ ዓይኑን አሸክመሽኛል።»

«የማንን ዓይን?» አለች ዝማም።

«ውሮን ጠይቂያት።»

እመት ውሮ ከመደቡ ሥር ወጣች። ሆዷን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወጣች። «የእህቴ ልጅ ነው፣ አያ ነብሮ» አለች። «ጎረምሳ ሳለ ጃርት ተናዳበት አንድ ዓይኑን በወስፌዋ አወጣችው። ዓይኑ ከራሱ ወጣ እንጂ ማየቱን አልተወም። ደርቆ ቆዳ ለበሰ። ቆዳውን የሚገፍለትና በሰው እጅ ላይ የሚያሳድርለት ሲፈልግ ኖረ። አንቺ ከፈትሽለት። ቀለበቱ ጣት ላይ ሆኖ የዋለበትን ሁሉ እሱ ያያል። ነብር ያላየውን ቤት አይገባም፤ ያየውን አይተውም።»

«በመጀመሪያው ቀን ድምፁን አውቀሽዋል?»

«አውቄዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ» አለች ውሮ። «እኔ ለእሱ አንድ ጉርሻ ነኝ።»

ዝማም ቀለበቱን በጉጠት ይዛ፣ ድንጋዩን ወደ ታች አድርጋ፣ አመድ ውስጥ ቀበረችው።

በዚያች ቅጽበት በሩ ተቧጠጠ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።

«ዝማም» አለ ያ ለስላሳ ድምፅ። «አመዱን ከዓይኔ ላይ አንሺልኝ።»

ዝማም ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ማንጠግቦሽን አቅፋ አፏን በጡቷ ያዘችላት።

«ሦስት ቤት አሳየሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ነብሩ። «የራስሽን ቤት ግን ነፈግሽኝ፤ ጣትሽ ላይ ሳታጠልቂኝ በጨርቅ ጠቅልለሽ ቆለፍሽብኝ። ሕፃን ስታለቅስ ሰምቻለሁ። የት ነው የምትተኛው? በሩ በምን ይዘጋል? ነገ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ቀለበቱን አድርጊና አሳዪኝ። እምቢ ካልሽ በየቤቱ ደጃፍ ዞሬ ‹ፈንታነሽን ያሳየችኝ ዝማም ናት› እላለሁ። እሺ ካልሽ ልጅቷን ወስጄ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ፤ ምሥጢርሽም ምሥጢር ሆኖ ይቀራል።»

ኮቴው አልተሰማም። ግን ሄደ።

ዝማም ብዙ ሰዓት አልተነሣችም። ነብሩን ትፈራለች። ሰውን ደግሞ ከነብሩ ይበልጥ ትፈራለች። ብር ሠሪ ናት፤ ብር ሠሪን ደግሞ ሰው ዱሮም በጎን ዓይኑ ያያል። ይህን ነገር ከአፏ ከሰሙ አጥንቷን አይተዉትም። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል... ልጇን አየቻት። ልጅቷ ጠግባ ከጡቷ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ከንፈሯ ላይ ወተት አለ።

ተነሣች። ልጇን አዘለች። ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

መንደሩ ሁሉ እማማ የሻረግ ቤት ተቀምጧል። ዝማም ከመሃል ቆማ ሁሉንም ተናገረች። አልቦውን ተናገረች፣ የጠቆረውን ብር ተናገረች። «መዶሻው ጠይቂ አለኝ፤ አልጠየቅሁም። ቀለበቱ ስላማረኝ ነው» አለች። ይህን ሳትደብቅ ተናገረች።

ከዚያ ወይዘሮ አንጓች ብድግ አሉ። «ዱሮም ጠርጥሬ ነበር! ቡዳ!» አሉ። ጎሹ ዱላውን አነሣ። ከኋላ የተቀመጡት ድንጋይ ሊያነሡ ወጡ። ዝማም ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በደረቷ ሸፈነቻትና ዓይኗን ጨፈነች።

«ተዉአት» አለ አንድ ድምፅ።

እማማ የሻረግ ናቸው። ፊታቸውን ነጭተው ደም አለበት። «ልጄን የበላት ነብር ነው» አሉ። «የነገረችን እሷ ናት። ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? መጀመሪያ ነብሩን። ከእሷ ጋር በኋላ እነጋገራለሁ።»

ያን ዕለት የዝማም ቤት በሥራ ዋለ። በቤቷ መሃል የእህል ጉድጓድ አለ፤ ክረምት ስለሆነ እህሉ አልቆ ባዶ ነው፤ ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ነው። ጎሹና ሌሎች ወንዶች የወይራ እንጨት አሹለው ከሥሩ ተከሉ። አፉን በቀጫጭን ጭራሮ ሸፈኑት፣ ከላዩ ጭድ በተኑ፣ በጭዱ ላይ ልጅቷ የምትተኛበትን ጀንዲ አነጠፉ። ቀለበቱ አመድ ውስጥ ስለሆነ ነብሩ ምንም አላየም።

«አሁን በጀንዲው ላይ ምን እናስተኛ?» አለ ጎሹ። «ድንጋይ ብንጠቀልል ነብር ይታለላል? ድንጋይ አይተነፍስም።»

«እፍፍፍ...» አለ ወናፉ። «እኔ... እተነፍሳለሁ...»

ሁሉም ዞር ብለው አዩት።

«ቢቀድህስ?» አለች ዝማም።

«ቆዳ ነኝ... ቆዳ ይቀደዳል...» አለ። «ቶሎ ጠቅልሉኝ... ሐሳቤን ሳልለውጥ...»

በልጅቷ ጨርቅ ጠቀለሉት። ማንጠግቦሽን ግን ማን ይያዝ? እማማ የሻረግ እጃቸውን ዘረጉ። ዝማም ልጇን ለእሳቸው ለመስጠት እጇ እምቢ አላት። ልጃቸውን ያስበላች እሷ ናት። ፊታቸውን አየች፤ በፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ሕፃኗን ይዘው ከመንደሩ ጫፍ ወዳለ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ጉሙ ወጣ። ወንዶቹ ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ ተደበቁ፤ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ዝማም ቀለበቱን ከአመድ አውጥታ ጣቷ ላይ አደረገችው። ብርዱ እስከ ክንዷ ዘለቀ። ቢጫዋ መስመር ሰፋች፣ ጠበበች፣ ደግሞ ሰፋች።

እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፤ መቀርቀሪያው እንዳልተወረወረ አሳየችው። እጇን ወደ መደቡ መለሰች፤ ማንም እንደሌለ አሳየችው። ከዚያ ወደ ጀንዲው። ጥቅልሉ በቀስታ ከፍ ይላል፣ በቀስታ ዝቅ ይላል። «እሹሩሩ» አለች። «እሹሩሩ የኔ እናት፣ ተኚ፣ ደጁ ጉም ነው፣ ማንም የለም።» እጇ ሊንቀጠቀጥ ሆነ። እጇ ከተንቀጠቀጠ ያውቃል። ክርኗን ጎኗ ላይ አጥብቃ፣ ከንፈሯን እስኪደማ ነክሳ ያዘችው። ከዚያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።

እመት ውሮ ከመድረኩ ላይ ተቀምጣለች። ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ቆመ።

«አክስቴ» አለ ነብሩ። «በሩ ክፍት ነው?»

«ዓይንህ ምን አየ?» አለች ውሮ።

«ክፍት ሆኖ አየሁት። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት?»

«ዓይንህ ምን አየ?»

«ብቻዋን ሆና አየኋት። ሕፃኗ ተኝታለች?»

ውሮ አንዲት ቃል ብትናገር ነብሩ ይመለሳል፤ እሷም ትድናለች። ወደ ኋላዋ ዞራ ዝማምን አየቻት። «ከገዛ ዓይንህ በላይ ማንን ታምናለህ?» አለችው።

ነብሩ ዘለለ። ዝማም ያየችው አንድ ብቻ ዓይን ነው፤ በአየር ላይ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ። ጥፍሩ ጥቅልሉ ላይ አረፈ፣ ወናፉ አንዴ ረጅም «እፍፍፍ» ብሎ ተቀደደ፣ ጭራሮው ተሰበረ፣ ጀንዲውም ጭዱም ነብሩም አብረው ወረዱ። ከጉድጓዱ ውስጥ የወጣው ጩኸት የቤቱን ሣር አንቀጠቀጠው። ጎሹና ወንዶቹ ተወርውረው ወጡና አጠገባቸው ያዘጋጁትን ዝርግ ድንጋይ በጉድጓዱ አፍ ላይ ገለበጡበት። ስምንት ሰው ላዩ ላይ ወጣ። ድንጋዩ ከሥር ሦስት ጊዜ ተነሣ። በመጀመሪያው ስምንቱንም አነሣቸው፤ በሁለተኛው ተንቀሳቀሰ፤ በሦስተኛው እምብዛም አልተነሣም።

የዝማም ጣት እንደ እሳት ነደደ። ቀለበቱን ስታየው ቢጫዋ መስመር ጠበበች፣ ጠበበች፣ ጠፋች። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ተቀቀለ የበግ ዓይን ነጣና ከብሩ ላይ ተፈንቅሎ ወደቀ። እመት ውሮ ዞር ብላም አላየችው።

ጉሙ ሳይገፈፍ እማማ የሻረግ መጡ። ማንጠግቦሽ ከደረታቸው ላይ ተኝታለች። አሮጊቷ ልጅቷን ለእናቷ ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሰጧት።

«አሁን እንነጋገር» አሉ።

«እሺ» አለች ዝማም። «ቀለበቱን ዛሬ አቀልጠዋለሁ። ከእሳት ውስጥ ጨምሬ እደበድበዋለሁ፣ ስሙ እንዳይነሣ አደርገዋለሁ።»

«አታቀልጪውም» አሉ። «ለኔ ትሰጭኛለሽ።»

ሰጠቻቸው። እማማ የሻረግ ያን ባዶ ቀለበት፣ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ እንደ ጎደጎደ ሆኖ፣ ጣታቸው ላይ አደረጉት። «ያየው ሁሉ ‹ፈርጡ የት ሄደ?› ይለኛል» አሉ። «እኔም እነግረዋለሁ። የልጄን ስም እነግረዋለሁ። ያንቺንም ስም አልደብቅም።»

«አይደብቁ» አለች ዝማም።

እንዲህም ሆነ። ከመንደሩ ሰው ይቅር ያላት አለ፤ እስከ ሞቷ ድረስ መንገድ ላይ ሲያያት የሚሻገር አለ። እሷም አልተቀየመችም። ለወናፉ አዲስ ቆዳ አለበሰችው፤ መንፋቱን ነፋ፣ መናገር ግን አልተናገረም። ብር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ፣ እሳት ከመለኮሷ በፊት፣ «ይህ የማን ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። መልስ የሌለው ሰው ብሩን ይዞ ይመለስ ነበር።

ተረቴ አለቀ፤ የሰማችሁትን ተካፈሉ፤ ለእኔ ግን ይህችን አንዲት ቃል አስቀሩልኝ፦

ሲያምር ያልጠየቁት ነገር፣ መልሱ ሲያስፈራ ይመጣል።